ሠላሳ አምስት ቁጥር

አሎን የልብስ ቁልፎቼን «ዜቬል» ብሎ ከጠራቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ዜቬል በዕብራይስጥ ቆሻሻ ማለት ነው። እዚህ አገር ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ጽዳት ስለነበረ ቃሉን ከ«ሻሎም» ቀጥሎ ነው የተማርኩት። ስለዚህ «እንዲያ ለማለት ፈልጎ አይደለም» ብሎ ማንም ሊያባብለኝ አይችልም።

ነገሩ የሆነው ደረጃው ላይ ነው። አንድ ትልቅ ብልቃጥ ሙሉ ቁልፍ አቅፌ ወደ ቤቴ ስወጣ ክዳኑ ተፈናጠረና የሸሚዙም፣ የካፖርቱም፣ የወታደር ልብሱም ቁልፍ ከሁለተኛ ፎቅ እስከ መግቢያው በር እየዘለለ ወረደ። ተንበርክኬ ስለቃቅም ጎረቤቴ አሎን ከሥራ ገባ። ረገጣቸው ብል እዋሻለሁ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ እንደ ሽመላ እግሩን እያነሣ በመሐላቸው አለፈ። እላይ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ፣ «ይርገዱ፣ ይህን ሁሉ ዜቬል ለምንድን ነው ቤት የምታስገቢው?» አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ያ ያልመለስኩት መልስ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ኖረ። ሽንኩርት ስከትፍ ትዝ ይለኛል፤ ባቡር ውስጥ ቆሜ ስሄድ ትዝ ይለኛል።

እኔ ልብስ አስተካካይ ነኝ። የምሠራበት ሱቅ ሃኔቪኢም መንገድ ላይ፣ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ በሚታጠፈው ጥግ ነው። ሁለት የስፌት መኪና ከገባበት ወዲያ ለእንግዳ የሚተርፈው አንድ በርጩማ ብቻ ነው። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ገበር አስገባለሁ። ሰው ያረጀ ልብሱን «ጣይልኝ» ብሎ ትቶልኝ ሲሄድ ቁልፎቹን ፈትቼ አስቀራለሁ። መንገድ ዳር የቆሻሻ ገንዳ ላይ የተንጠለጠለ ካፖርት ካየሁም መቀሴ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ አራቱ፣ የአጥንቱን ከፕላስቲኩ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ እየለየሁ ሠላሳ ዓመት ሰበሰብኩ። አንድም ገዝቼ አላውቅም።

የመጀመሪያዋ የወንድሜ የማለደ ናት። ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግር ስንሄድ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሸሚዙ ላይ የቀረችው አንዲት ነጭ ቁልፍ ክሯ ሲላላ በጥሶ ሰጠኝና «ስንደርስ ትሰፊልኛለሽ» አለኝ። እሱ አልደረሰም። ስሙ ሄርዝል ተራራ መታሰቢያው ላይ በመንገድ ከቀሩት ጋር አለ፣ ቁልፏ እኔ ዘንድ አለች።

እማሆይ ወለተ ሥላሴም ያመጡልኛል። የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት መነኩሲት ናቸው፤ የመነኮሳቱን ቀሚስና ካባ ለጥገና ይዘው ብቅ ሲሉ የተፈቱ ቁልፎችን በወረቀት ጠቅልለው ያኖሩልኛል። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኔ አይሁድ ነኝ፣ ግን ሁለታችንም የጎንደር ሰዎች ስለሆንን ስንጨዋወት የሱቁ ባለቤት የተጣላን እየመሰለው ሬዲዮውን ይዘጋል። የአማርኛ ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው፣ ካባው እስኪጠገን በርጩማው ላይ ተቀምጠው።

አሁን ስለ አሎን። እሱም ይሰበስባል። የሚሰበስበው አውራ ጣት የሚያህሉ የብረት መኪናዎችን ነው። በባለ መስታወት ቁም ሣጥን ደርድሮ መብራት አብርቶላቸዋል። ቆንጆ ናቸው፣ አልክድም፤ በሮቻቸው ሳይቀሩ ይከፈታሉ። ሁሉም የሚመጡት ከውጭ አገር በፖስታ ነው። አንዲቷ መኪና በላስቲክ ተጠቅልላ፣ በስፖንጅ ታቅፋ፣ ትንሽ ካርቶን ውስጥ ትገባለች፤ ትንሹ ካርቶን ደግሞ የሰንበት ዳቦ የሚያህል ካርቶን ውስጥ ይገባል። በሳምንት አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ይደርሰዋል። አሎን መኪናዋን ያወጣና የቀረውን መግቢያው አጠገብ ካለው ገንዳ ሥር ይተወዋል።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ካርቶን ሲጣል ማየት አልችልም። ጠንካራ ነው፣ አይጎብጥም፣ ክዳኑ ልክክ ይላል። እየወሰድኩ ቁልፎቼን በየቀለማቸው ሞላሁበት። ሕንፃችን ምድር ቤት ውስጥ የጋራ ማህሳን፣ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አለ፤ እዚያ መደርደሪያ ላይ ቦታ አበጀሁላቸው። ታዲያ እያንዳንዱ ካርቶን ላይ የአሎን ስምና አድራሻ ተለጥፏል። የሱን ስም እያየሁ ቁልፍ መለየት ስላስጠላኝ ስሙ ያለበትን ጎን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ባለፈው ክረምት አሎን የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ቁም ሣጥኑ ሞልቶበት ነበርና ማህሳኑን ለመኪናዎቹ ፈለገው። ጎረቤት በተሰበሰበበት ተነሥቶ፣ በትሕትና፣ ክፍሉ ለስብስብ ይሁን፣ ቆሻሻው ይውጣ አለ። እኔም ተነሥቼ የእኔም ስብስብ ነው አልኩ። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመሐላቸው አንዷ፣ የሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል ከፋሲካ በፊት የሰብሳቢዎች ቀን እያዘጋጀ እንደሆነ ተናገረች። አሎን ፈገግ አለና፣ እንግዲያው ሁለታችንም እዚያ እንቅረብ፣ የበለጠው ክፍሉን ይውሰድ፣ የተሸነፈው እስከ ፋሲካ ይልቀቅ አለ። እጅ ተነሣ። የእኔም እጅ ተነሣ።

የመጨረሻ ልጄ ሃዳስ ወታደር ናት። በስልክ ስነግራት፣ «ኢማ፣ ብትሸነፊስ የት ታደርጊዋለሽ?» አለችኝ። ኢማ እናቴ ማለቷ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ቤቴ ክፍል ተኩል ነው፤ አልጋዬ ሥር እንኳ የክረምት ብርድ ልብስ ሞልቶታል። ብሸነፍ ሠላሳ ዓመቱ በሙሉ የሚገባው ገንዳ ነው።

ማስታወቂያውን ያየሁት ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ስመለስ ባቡር ማቆሚያው ላይ ነው። የዕብራይስጥ ንባቤ ዘገምተኛ ነው፣ ግን የጀመርኩትን አልተውም። ሁለት ባቡር አሳልፌ ጨረስኩት። ሽልማቱ «ትቪዓት ሬጌሉ» ትንሽ ለሆነው ነው ይላል። ትቪዓት ኤጽባዕ የጣት አሻራ መሆኑን አውቃለሁ፤ መታወቂያ ሳሳድስ አሥሩንም ጣቶቼን አስነክተውኛል። ሬጌል እግር ነው። ስለዚህ ትቪዓት ሬጌል የእግር አሻራ ነው። ከቲማቲሜ ጋር ቆሜ ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው። እግሩ ትንሽ የሆነ ሰብሳቢ ይሸለማል።

ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ግን በዚህ አገር መሥሪያ ቤት የጠየቀኝ ሁሉ መቼ ገብቶኝ ያውቃል? የእናቴን የልደት ቀን ጠይቀውኛል፣ እናቴ ራሷ የማታውቀውን። እግር ከፈለጉ እግር አለኝ። ጫማዬ ሠላሳ አምስት ቁጥር ነው፤ ከልጆች ጫማ ቤት ነው የምገዛው። የአሎን ጫማ በሩ ላይ ቆሞ ሲታይ ሕፃን ያስተኛል። ያን ቀን ደረጃውን እየዘፈንኩ ነው የወጣሁት።

ለእማሆይ ስነግራቸው በጥሞና ሰምተው ትንሽ አሰቡ።

«ሕጽበተ እግር ይሆናል፣ ልጄ» አሉ። በእነሱ ዘንድ በጸሎተ ሐሙስ አባቶች የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። «እነዚህም ከፋሲካቸው በፊት እንዲህ ያለ ሥርዓት ይኖራቸዋል። ለማንኛውም ታጥበሽ ሂጂ።»

«እማሆይ፣ እኔ ራሴ አይሁድ አይደለሁ? እንዲህ ያለ ነገር የለንም።»

«የጎንደሮቹ የላችሁም። የእነዚህን በምን አወቅሽ?»

ካባውን አጥፌ ሰጠኋቸው።

ለመመዝገብ የሕዝብ ማዕከሉ ሄድኩ። አቪታል የምትባል አዘጋጅ ቅጽ ሰጠችኝ። ስም ጻፍኩ። የስብስቡ ዓይነት ለሚለው የልብስ ቁልፍ ብዬ ጻፍኩ። ትቪዓት ሬጌል የሚለው ጋ ስደርስ በትልቁ 35 አልኩ። አቪታል አየችውና በኪሎ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እግር በኪሎ መመዘኑን አልሰማሁም፣ ግን ቁጥሩ ትክክል መሆኑን አረጋገጥኩላት።

«በጣም ትንሽ ነው» አለች ተደንቃ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው» አልኳት።

ቀኑ ደረሰ። ሃዳስ ፈቃድ ወጥታ ዘጠና ስድስቱን ካርቶን በጋሪ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን አደረስን። ብርዱ ገና አልወጣም ነበር፤ እኔ ግን እግሬን በሙቅ ውሃ ፈትጌ ክፍት ጫማ አድርጌያለሁ። ሃዳስ ለምን ብትለኝ ኋላ ታያለሽ አልኳት። ከዚያ ጋሪውን ለተዋስንበት ሱቅ ልትመልስ ወጣች።

የደረሰኝ ጠረጴዛ ግድግዳ ጥግ ነው። ካርቶኖቹን እንደ ለመድኩት ስማቸውን ወደ ግድግዳ አድርጌ ደርድሬ ክዳናቸውን ከፈትኩ። ቀዩ ከሮዙ፣ ሮዙ ከነጩ እየተያያዘ እስከ ጥቁሩ ሲደርስ፣ ራሴ የሰበሰብኩት ቢሆንም እንደዚያ ባንድ ላይ በብርሃን አይቼው አላውቅም ነበር። አንዲት ልጅ እጇን ልትከት ስትል እናቷ ያዘቻት፤ ተያት፣ ለዚያ ነው ያመጣሁት አልኳት። ፊት ለፊቴ የአሎን ቁም ሣጥን ከነመብራቱ ቆሟል። በየጠረጴዛው ላይ አቪታል ቁጥር የተጻፈበት ካርድ አቁማለች። የእኔ ሠላሳ አምስት ይላል። የአሎንን አየሁ።

አሥራ ሁለት።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። አሥራ ሁለት ቁጥር ጫማ ለአራስ ልጅም አይሠራም። እንዲህ ዓይን ያወጣ ውሸት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ቀጥ ብዬ አቪታል ዘንድ ሄድኩና፣ ሰው እየሰማ፣ ሰውየው ዋሽቷል አልኳት። አሎን ፊቱ ቀላ። አስልቼ ነው የጻፍኩት አለ። ሥራ የምሄደው በባቡር ነው፣ የቁም ሣጥኑ መብራቶች ትንንሽ ናቸው፣ መኪናዎቼም ቤንዚን አይጠጡም አለ። ሰው ሳቀለት። ስለ ባቡር ማን ጠየቀው?

«ጫማውን ያውልቅና ይለካ» አልኩ።

አቪታል ለምን ጫማውን ብላ ጠየቀች።

«አርባ አምስት ነው። አሥራ ሁለት ከሆነ እኔ በባዶ እግሬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።» እግሬን ከክፍት ጫማዬ አውጥቼ ዘረጋሁላት። «የእኔ ይኸው። ሠላሳ አምስት። ታጥቧል።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ሃዳስ በዚያው መሐል በሩ ላይ ደረሰች። ከእግሬ ወደ ካርዱ፣ ከካርዱ ወደ አሎን ጫማ አየችና ሁሉም ነገር ባንዴ ገባት። ጠጋ ብላ ክንዴን ያዘች።

«ኢማ፣ ጫማ አይደለም። ስብስቡ…» አማርኛዋ ሲያጥራት እጇን ታወናጭፋለች። «ስብስቡ ሲመጣ የሚያመጣው ቆሻሻ ነው። ካርቶን፣ ላስቲክ፣ የአውሮፕላን ጢስ። ምድርን የሚረግጣት እሱ ነው። እግሩ ያ ነው።»

እግሬን ወደ ጫማዬ ስመልስ ማሰሪያው ሁለቴ አመለጠኝ። እውነቱን ለመናገር ካርቶኖቼን ትቼ መውጣት አማረኝ። አሎን አልሳቀም፤ የሱ ከሳቅም ይብሳል፣ አዘነልኝ። ወደ አቪታል ዘንበል ብሎ፣ እኔ የማልሰማ መስሎት፣ «ተያት፣ ምስኪን፣ አልገባትም። ዜቬሏን ይዛ ትሂድ» አላት።

ያ ቃል ባይደገም ኖሮ ሄጄ ነበር። ሲደገም ግን ሃዳስ ያለችኝ ነገር ከጆሮዬ ወደ ጭንቅላቴ ገባ። ሲመጣ የሚያመጣው ቆሻሻ። ካርቶን። ይህንንማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቀው ማነው? አሥራ አንድ ዓመት በእጄ የተሸከምኩት እኔ አይደለሁ?

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩና የመጀመሪያውን ካርቶን አዞርኩት። ስሙ ወደ ሰው ወጣ። ሁለተኛውን አዞርኩ። ሦስተኛውን። አቪታል ተከትላኝ መጥታ ነበርና ጎንበስ ብላ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አሎን፣ ከሆንግ ኮንግ፣ በአየር። አሎን፣ ከጃፓን፣ በአየር። አሎን፣ ከጀርመን፣ በአየር። ሃዳስ ነገሩ ሲገባት ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረች። እሷ ከዚያ እኔ ከዚህ እያዞርን መሐል ላይ ተገናኘን። አንድ ቁልፍ አልፈሰሰም። ዘጠና ስድስት ካርቶን የአሎንን ስም ይዞ ወደ አሎን ተመለከተ። ከአዳራሹ ሰው ወደ ሌላ ጠረጴዛ የሚያይ አልነበረም።

«እነዚህ ቦታ ያገኘሁላቸው ብቻ ናቸው» አልኩ። «የቀሩት ከነላስቲካቸው ገንዳ ገብተዋል። አሎን፣ አንተ ዜቬል ያልከው ውስጡን ነው። እስኪ አሁን ውጭውን አንብበው።»

አሥራ አንድ ዓመት የጠፋኝ መልስ ይኸው ነበር።

አሎን ቀስ ብሎ መጣ። አንዱን ካርቶን በጣቱ ነካ አደረገው። «ይሄ ቀይዋ የእሳት አደጋ መኪና የመጣችበት ነው» አለ፣ ለራሱ ያህል። ሌላውን አነበበ፣ ሌላውን። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ካርዱን አነሣና አሥራ ሁለትን በእስክሪብቶ ሰረዘው። በምትኩ ምንም አልጻፈም። ይህን አልነፍገውም፤ ጨዋ ነው ብያለሁ።

አቪታል ኮምፒውተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የአሎንን ስትደምር ስንት ኪሎ እንዳገኘች ጮክ ብላ አልተናገረችም፣ ግን ቅንድቧን ሁለቴ አነሣች። ከዚያ እኔን ጠየቀችኝ። ከየት እንደመጡ ነገርኳት፤ ከሱቁ ወለል፣ ከመንገድ ዳር ገንዳ፣ ከመነኮሳት ካባ።

«በምን መጡ?» አለች።

«በእግር።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። በሠላሳ አምስት ቁጥር።»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ፣ አሁን ግን እኔም አብሬ ሳቅኩ። ኋላ ትዝ አለኝና፣ አንዲቷ ግን በአውሮፕላን መጥታለች፣ መደበቅ አልፈልግም አልኳት። የማለደን ቁልፍ ከነጮቹ መሐል አውጥቼ አሳየኋት። እስከ ሱዳን በእግር፣ ከሱዳን እዚህ በጭብጤ ውስጥ። «ለብቻዋ ወንበር አልያዘችም» አልኳት። አቪታል ቁልፏን መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየቻት። ይህቺ አትቆጠርም አለችና መልሳ ሰጠችኝ።

ካርዴ ላይ ሠላሳ አምስትን ሰርዛ አንድ ብላ ጻፈች። ዜሮ እንዳትለው ቁልፎቹን የማጥብበትን ሳሙናና ሙቅ ውሃ ነግሬያት ነበር። ሠላሳ አምስትን አጥቁራ ልታጠፋው ስትል ከለከልኳት። በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዝ፣ እሱም እኮ እውነት ነው አልኳት። ከአዳራሹ ሁሉ ትንሹ ቁጥር የእኔ ሆነ። ሽልማቱ አንድ የወይራ ችግኝ ነው። በረንዳ ስለሌለኝ ለእማሆይ ወሰድኩላቸው። ግቢያቸው ውስጥ ጉድጓድ እያስቆፈሩ፣ እግርሽን አጠቡልሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ራሴ ነኝ ያጠብኩት፣ ግን ጠቅሞኛል አልኳቸው።

እሑድ ጠዋት አሎን በሬን አንኳኳ። ሁለት የማህሳን ቁልፍ ይዟል፤ ጎረቤቶቹ ተስማምተዋል፣ ክፍሉ ያንቺ ነው አለኝ። ሰጥቶኝም አልሄደም። ያችን ቀይ የእሳት አደጋ መኪና የመጣችበትን ካርቶን ብትሰጪኝ ብሎ ለመነኝ።

«ዜቬል ነው ብለህ የጣልከውን?»

«አዎ» አለ። «እሱን።»

ውስጡ የነበሩትን ቁልፎች ቅርጫት ላይ ገልብጬ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ማስመጣቱን ትቷል። የመረጣቸውን አጠራቅሞ በሁለት ወር አንዴ ባንድ ካርቶን ያስመጣቸዋል። እኔን ካርቶን አጥሮኛል፣ ቢሆንም ቅር አላለኝም።

የዚያኑ እሑድ ማህሳኑን ጠረግኩ። መደርደሪያውን ወልውዬ ዘጠና አምስቱን ካርቶን መለስኩ፣ ሁሉንም ስማቸውን ወደ በሩ አድርጌ፣ የገባ ሁሉ መጀመሪያ እንዲያነበው። ከሁለቱ የበር ቁልፍ አንዱን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ሁለተኛውን ከማለደ ቁልፍ ጋር በነጮቹ ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ ክዳኑን ገጠምኩት።